የማክሰኞው ቴሌግራም

አዛኝና ሩኅሩኅ በሆነው በአላህ ስም። ዛሬ ማክሰኞ፣ ረጀብ 15 ቀን 1433 ዓመተ ሒጅራ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 5 ቀን 2012፣ እኔ ኢቅባል አብዱልመውላ፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት ዓመት የሆነ፣ ከካይሮ ራቅ ባለችው በሚት ነጃር ከተማ በቴሌግራፍ ቤት መስኮት ለሠላሳ ስድስት ዓመታት ያገለገልሁ ጡረተኛ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ትራስ ተደግፌ ይህን ኑዛዜ እናገራለሁ። ኩላሊቶቼ ሥራቸውን ትተዋል፤ አእምሮዬ ግን አልተወም። ጸሐፊዬ ጠበቃው ኡስታዝ ናሺድ ይህንኑ ለማረጋገጥ ዕለቱን፣ የልጆቼን ስምና የቤቴን ቁጥር ሦስት ጊዜ ጠይቀውኝ ሦስት ጊዜ መልሻለሁ። አራተኛ ሊጠይቁኝ ሲሉ «ኡስታዝ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ዛሬ ስንት ነው?» ብላቸው ጋዜጣ ፍለጋ ኪሳቸውን ዳሰሱ። ይህም ይጻፍ ብያለሁ፤ ተጽፏል።

በዚህ ክፍል ውስጥ ያሉት ሰዎች እነዚህ ናቸው። ምስክሮቼ፣ ከፎቁ ሥር ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት ሐጅ ረድዋንና ከእኔ በኋላ መስኮቱን የተረከበችው ወይዘሮ ሰኒያ። ልጄ ፋይዝ፣ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ደግሞ ወንበር ጠራቢው የእጅ ባለሙያ፣ ኡስታ ሺሃታ፣ ነው። ለምን እንደ ጠራሁት አያውቅም። የተሰበረ ዕቃ ያለኝ መስሎት መሮውንና መዶሻውን ይዞ መጥቷል። በዚህ ክፍል የሚነገረው ሁሉ፣ ጠብም ቢሆን ሳቅም ቢሆን፣ ሳይቀነስ እንዲጻፍ ጸሐፊዬን አዝዣለሁ። ከወረቀት ላይ የሚቀር ነገር ምን እንደሚያደርግ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አንደኛ። ከሟቹ ባለቤቴ ከታውፊቅ ጎን ቅበሩኝ። ሲያንኮራፋ አርባ ዓመት ችዬዋለሁ፤ አሁን ዝም ብሏልና አብሬው ልተኛ። ፋይዝ መንገድ የሚዘጋ ድንኳን አይትከል፣ ድምፅ ማጉያም አያቁም። ለመንደሩ ሰው ሁሉ ድምፅ ማጉያ ሞቴን ከሚያረዳው ሰኒያ በአፏ ብትነግር ይፈጥናል።

ሰኒያ፣ «ኧረ ሐጃ! በሞትሽም አትለቂኝም?» አለች። አልለቃትም።

ሁለተኛ። ያለኝ ይህ ባለ ሁለት ክፍል ቤትና በውስጡ ያለው ነው። ሸሪዓው የወራሾች ድርሻ ያደረገውን ልጆቼ ፋይዝና ዚናት እንደ ሕጉ ይካፈሉት፤ እኔ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም። የወርቅ አምባሬን ግን በሕይወቴ ሳለሁ በገዛ እጄ ለዚናት አጥልቄላታለሁ፤ ከውርሱ አይቆጠርም። ፋይዝ በዚህ ምክንያት አንድ ረመዳን ሙሉ ለኢፍጣር ቤቴ እንዳልመጣ አልረሳሁም። ልጄ ሆይ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከደም ማጣሪያው ማሽን ጎን ቁጭ ብላ እግሬን የምታሸው እኅትህ ናት። አንተ የምታመጣው ብርቱካን ነው። ብርቱካን ደግሞ ሐኪሙ ከልክሎኛል።

ሦስተኛ። የግድግዳ ሰዓቴ ለመስኮቱ ይሰጥ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዓት ከቆመ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ሰኒያ ማኅተም የምትመታው የእጅ ስልኳን እያየች ነው። ስልክ ደግሞ ባትሪው ያልቃል።

አራተኛ። ሸሪዓው ከሀብቴ ሲሶውን ለፈቀድሁት እንድሰጥ ትቶልኛል። ይህን ሲሶ ሰኒያና ሐጅ ረድዋን በጋራ ይጠብቁት። ልጇ፣ ባሏ ወይም ወንድሟ ተወስዶባት ወደ መስኮቱ የምትመጣ፣ የቴሌግራሙን ዋጋ መክፈል ያልቻለች ሴት ሁሉ ከዚህ ይከፈልላት። ሙስሊም ናት ወይስ ክርስቲያን፣ ልጇ የማን ወገን ነው፣ ምን አድርጎ ነው ተብላ አትጠየቅ።

እዚህ ላይ ፋይዝ፣ «እማ፣ የሌባውም እናት?» ሲል ጠየቀ።

የሌባውም እናት። ሌባም የተያዘበት ቀን አለው።

ነገሩ ይህ ነው። በእኛ አገር ሰው ከሥራው ወይም ከአልጋው ይወሰዳል፤ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን እነሱ የፈለጉት ቀን ነው። በተወሰደበትና በተመዘገበበት ቀን መካከል ያለው ሰው የትም የለም፤ ቢመታ አልተመታም፣ ቢሞት አልሞተም። ያንን ክፍተት የሚዘጋው የእናቱ ቴሌግራም ብቻ ነው። ማኅተሙ ላይ ሰዓትና ቀን አለ፤ ዳኛው ፊት ሲቀርብ «ይህ ልጅ በዚህ ቀን በእጃችሁ ነበር» ይላል። ስለዚህ ለሰኒያም፣ ከሰኒያ በኋላ ለምትመጣውም የምመክረው ይህን ነው፦ እናትየዋ «ዛሬ» ብትል «ዛሬ» ብለሽ አትጻፊ። ዕለቱን ጻፊ፣ ቀኑን ጻፊ፣ ወሩን ጻፊ፣ ሰዓቱን ጻፊ። ደረሰኙን በእጇ ሳትይዝ ከመስኮቱ አትንቀሳቀስ። ነገ ነይ አትበያት። ሠላሳ አንድ ዓመት የቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባለፈው ሐሙስ አበቃ ብለውናል። አበቃ ከተባለ እሰየው! ደስ ብሎኛል፤ ሐሙስ ማታ በሐኪም የተከለከለውን ማንጎ በልቻለሁ። መስኮቱ ግን አይዘጋ።

ሰኒያ «ይህን ስሰማ አለቀስኩ» ትላለች። አላለቀሰችም፤ ጉንፋን ይዟት ነው።

አምስተኛ። ይህ አንቀጽ ውርስ አይደለም። ኡስታ ሺሃታን የጠራሁት ለዚህ ነው።

በ1989፣ ኦክቶበር 17 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ኡስታ ሺሃታ ያን ጊዜ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሳለ ከወንበር መሥሪያው ተወሰደ። ለወንበር ሠራተኞች ማኅበር ምርጫ ሊወዳደር ስሙን አስመዝግቦ ነበር። የወሰዱት ሰዎች ሲቪል ለብሰው፣ «አምስት ደቂቃ ነው፣ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ትመለሳለህ» ነው ያሉት።

ኡስታ ሺሃታ ከመቀመጫው ተነሣ። «ሐጃ፣ ይሄን ደግሞ ምን አመጣው? ያለፈ ነገር ነው» አለ።

«ተቀመጥ ኡስታ። አላለፈም» አልሁት።

በዚያው ቀን፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ፣ እናቱ፣ ሰው ሁሉ ኡም ሺሃታ፣ «የሺሃታ እናት»፣ የሚላት፣ መስኮቴ ፊት ቆመች። ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር። እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍሁ። «ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ካይሮ። ልጄ ሺሃታ ዛሬ በአሥር ሰዓት ከሥራው ተወስዷል። ወንጀል የለበትም። የት እንዳለ ይነገረኝ።» ዋጋውን ተቀበልሁ፤ ማኅተሙንም መታሁ። ማኅተሙ ገና ሳይደርቅ አለቃዬ ከኋላዬ መጣ። ሟች ስለሆነ ስሙን አልጠራም።

«ኢቅባል፣ ይቺን አሳርፊያት። ሰዎቹ ደውለዋል» አለኝ።

«እስከ መቼ?» አልሁት።

«እነሱ እስኪሉ። ደግሞ የልጅሽ የመምህርነት ምደባ በዚህ ወር አይደል የሚወጣው?»

እኔም ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተትሁ። ለኡም ሺሃታ «የደረሰኝ ጥራዙ አልቋል፣ ሌላ ቀን ነይ» አልኋት። ረቡዕ መጣች፣ «አልመጣም» አልኋት። ሐሙስ መጣች፣ «አልመጣም» አልኋት። ሐሙስ ማታ የኅብረት ሥራው መጋዘን ተቃጠለ። ቅዳሜ አለቃዬ «አሁን ላኪያት» አለኝ። ያንኑ ቃል በአዲስ ቅጽ ላይ ገልብጬ ጻፍሁ፤ ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 21፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር የሚል ማኅተም መታሁበት፤ ደረሰኙንም ሰጠኋት። እጄን ሳመችኝ። ጻፉት ኡስታዝ ናሺድ፣ እጄን ሳመችኝ።

ፋይዝ ተነሥቶ ብዕሩን ከጸሐፊው እጅ ሊይዝ ሞከረ። «እማ በቃ! ይሄ ኑዛዜ አይደለም። ስማችን ምን ይሆናል? ነገ ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጀች ብለው ቢከሱሽስ?»

ኡስታዝ ናሺድ፣ «ለክሱ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ ፋይዝ» አሉት።

«ባያልፍስ?» አልሁ እኔ። «ሊያስሩኝ ከመጡ አራት ፎቅ ተሸክመው ያውርዱኝ። አሳንሰሩ ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰኒያ ደግሞ ቴሌግራሙን ትምታልኝ፣ ሰዓቱን ሳትረሳ።»

ሐጅ ረድዋን ሳቀ፤ ከዚያ ኡስታ ሺሃታን አየና ሳቁን ዋጠው።

ፍርድ ቤት የሆነውን ኡስታ ሺሃታ ያውቀዋል፤ ለሌሎቻችሁ ግን እነግራለሁ። መጋዘኑን ሐሙስ ማታ አቃጠልህ ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃው «ደንበኛዬ ከማክሰኞ ጀምሮ በእጃቸው ነበር» ሲል ተከራከረ። ዐቃቤ ሕጉ የእናቱን ቴሌግራም አወጣ። «ዛሬ በአሥር ሰዓት ተወሰደ» ይላል፤ ማኅተሙ ቅዳሜ ይላል። የፖሊስ መዝገቡም ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ያዝነው ይላል፤ ከማኅተሜ ላይ ቀድተው ነው የጻፉት። እንግዲህ ሐሙስ ማታ ነጻ ሰው ነበር ማለት ነው። እናቲቱ «ማክሰኞ ነው የሄድኩት፣ ወላሂ ማክሰኞ ነው!» እያለች ከአዳራሹ አስወጧት። ልጁን ሰባት ዓመት ያስፈረደበት ያ የእሷ ቴሌግራም ነው።

ከዚያ በኋላ ከተማው ምን እንዳለ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ፈርታ አራት ቀን ቁጭ ያለች፣ ወንድሟ «ዝም በይ፣ ለዒድ ይፈቱታል» ብሏት የሰማች፣ ልጇን በገዛ እጇ ያሳሰረች ተባለች። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን መስኮቴ ፊት ቆማ ያለችኝን ዛሬ ልናገር። በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ሠርታ እስር ቤት ድረስ ወስዳ ነበር። «ኢቅባል፣ ልጄ ማሰሮዬን መለሰብኝ። አራት ቀን የት ነበርሽ በሏት ብሎ ላከብኝ። እኔ እንጃ፣ ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ምናልባት ቅዳሜ ይሆናል የመጣሁት» አለችኝ። መሳቢያው ጉልበቴ ሥር ነበር፤ ከፍቼ ላሳያት እችል ነበር። አላሳየኋትም። የፋይዝ ሥራ ይነካል ብዬ ዝም አልሁ። በዚያው ክረምት ሞተች።

ፋይዝ፣ «እኔ አላውቅም ነበር» አለ። ለእኔ ሳይሆን ለኡስታ ሺሃታ ነው ያለው።

አያውቅም ነበር፤ ይህን እመሰክርለታለሁ።

ከሞተች በኋላ አለቃዬ ሌላ ቴሌግራም «አሳርፊያት» ሲለኝ «አላሳርፍም፣ አንተ ራስህን አሳርፍ» አልሁት። አንድ ዓመት ከሰው እንዳልገናኝ የፖስታ እሽግ መደርደሪያ ክፍል ወርውሮኝ፣ እሱ ጡረታ ሲወጣ ወደ መስኮቴ ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ ቀኑ የተዛባ ማኅተም መትቼ አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ለአሥራ ሁለት ዓመት ከበሩ ጎን ወንበር አውጥቼ ለእናቶች በነጻ ጽፌያለሁ።

ሰኒያ ጣልቃ ገብታ፣ «ያን የምህንድስና ተማሪ አትነግሪያቸውም? በተያዘ በአሥራ አንደኛው ቀን በአንቺ ማኅተም ነው እኮ የወጣው! የዳቦ ጋጋሪውስ ወንድም? ልናገር እንጂ፣ ስንቱን ልጅ አስፈታሽ!» አለች።

ዝም በይ ብያታለሁ። እነሱ መውጣታቸው ደስታዬ ነው፤ በዕድሜዬ ካየሁት ደስታ ሁሉ የሚበልጥ ነው። ግን ለኡም ሺሃታ አይከፈልም። የእነሱ ለእነሱ፣ የእሷ ለእሷ ነው።

ስለዚህ ለኡስታ ሺሃታ የማስረክበው ይህን ነው፦ ከትራሴ ሥር ያለውን፣ የመጀመሪያውን ቅጽ፣ በእጄ የተጻፈውን፣ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር የሚል ማኅተም ያለበትን። ሃያ ሦስት ዓመት አልጣልሁትም፣ ለመስጠትም ወኔ አልነበረኝም። ፈሪ ነበርሁ። ሌላ ስም የለውም።

ኡስታ ሺሃታ መጥቶ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለ። ወደ ክፍሉ መስኮት ሄዶ በብርሃን አየው። ኡስታዝ ናሺድ ብዕራቸውን ሊያስቀምጡ ሲሉ በዓይኔ ከለከልኋቸው።

«አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር» አለ።

«አዎ።»

«እኔን በአሥር ሰዓት ነው የወሰዱኝ። ጎረቤቴ ቀለም ቀቢው ብሩሹን ጥሎ ቤታችን ድረስ ሄዶ እስኪነግራት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቤታችን ቴሌግራፍ ቤቱ በቦዩ ዳር አንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ ነው። ለጤነኛ ሰው። እሷ ደግሞ ጉልበቷን ታምማ ወደ ገበያ እንኳን በአህያ ነበር የምትሄደው።» ወደ እኔ ዞረ። «ስትደርስ እንዴት ነበረች?»

«መናገር አቅቷት ነበር። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። ውሃ ጠየቀችኝ።»

«ሰጧት?»

«ሰጠኋት። ሁለት ብርጭቆ ጠጣች።»

«ሮጣለች» አለ። «እናቴ ሮጣለች።» ከዚያ ወረቀቱን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ ሐጅ ረድዋንም አለቀሰ፤ የሰኒያ ጉንፋንም ባሰባት። «ማሰሮዋን ሁለቴ ነው የመለስኩት፣ ሐጃ። አንድ ጊዜ አይደለም። ከወጣሁ በኋላም መቃብሯ ላይ ቆሜ ለምን አልኳት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እናቴን ስከስ ኖርኩ!»

ይቅርታ ለምኜዋለሁ። የመለሰልኝን ቃል በቃል ይጻፉ፦ «ዛሬ ይቅር ብዬዎታለሁ ብል ውሸት ይሆናል። ዛሬ መቃብሯ ጋ ነው የምሄደው፤ ቀድሜ እሷን ይቅር በይኝ ማለት አለብኝ። ነገ ልምጣ?»

«ከኖርሁ ና» አልሁት።

«ይኖራሉ፤ ክፉ ሰው ቶሎ አይሞትም» አለ። እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ነው ይህን ያለው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እንዲህ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም።

ኡስታዝ ናሺድ ይህ ቅጽና ይህ ቃል ካለ ፍርዱ እንደገና እንዲታይ ቅዳሜ ማመልከቻ ማስገባት እንደሚቻል ነግረውናል። «ዋስትና አልሰጥም፣ ግን ዘንድሮ በሩ አይዘጋብንም ብዬ አምናለሁ» ብለዋል። ሐጅ ረድዋን ይህን ኑዛዜ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊድ ደጃፍ ላይ ጮክ ብሎ እንዲያነበው አደራ ብዬዋለሁ፤ ኡም ሺሃታን ያማው ሰው ሁሉ ይስማ። ልጄ ፋይዝ ደግሞ ሳልጠይቀው፣ «እኔም እንደ ወራሽ ተስማምቻለሁ ብዬ ልፈርም። ሲነበብ ለመስማትም ጁምዓ አብሬ እቆማለሁ» ብሏል። ልጄ ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ብርቱካንህን አምጣ፤ ባልበላውም አሸተዋለሁ።

ይህ ኑዛዜዬ ነው። ከዚህ በፊት የተናገርሁት ሌላ ቃል ቢኖር በዚህ ተሽሯል። በገዛ ፈቃዴ ተናግሬ፣ ተነብቦልኝ፣ ሁለት ቦታ አርሜ፣ አውራ ጣቴን ሳይሆን ስሜን በእጄ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት ነው።

ተናዛዥ፦ ኢቅባል አብዱልመውላ።

ጸሐፊ፦ ናሺድ ቡሽራ፣ ጠበቃ።

ምስክሮች፦ ረድዋን አስ-ሰይሪ፤ ሰኒያ ጋድ።

ተስማምቻለሁ፦ ፋይዝ ታውፊቅ።

በመጨረሻ ኡስታዝ ናሺድ ኡስታ ሺሃታን ቅጹን ስለ መረከቡ እንዲፈርም ጠየቁት፤ እንደ ደንቡ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም እንዲጽፍ ነገሩት። ብዕሩን ይዞ አሰበ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ጻፈ። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ የእናቱን ስም በሰው ፊት አይጠራም፤ በሠርግ መጥሪያ ላይ እንኳን አይጻፍም። ሐጅ ረድዋን «ኡስታ፣ ጁምዓ እኮ በደጃፍ ይነበባል» አለው። ኡስታ ሺሃታም «ለዚያ ነው እኮ የጻፍኩት» አለ። የጻፈው እንዲህ ነው።

ተረካቢ፦ ሺሃታ፣ ማክሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ሮጣ የደረሰችው የወጂዳ ልጅ።